የኩሬዎቹ መርዶ

ሐምራዊት ሽሪምፕ ቀምሳ አታውቅም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ግሮቭፖርት ዳር በነበረው የጋሼ ጎሳዬ እርባታ ውስጥ ሽሪምፕን ከሷ በላይ የዳሰሰ፣ ያገላበጠ፣ ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም፤ ግን አንዲቷን እንኳ ወደ አፏ አስጠግታ አታውቅም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም ተብላ ነው ያደገችው። ጋሼ ጎሳዬም አይበሉም ነበር። እኔም አልበላም። የማንበላውን ነገር ከሰው ልጅ በላይ እየተንከባከብን ስናሳድግ የኮሎምበስ አበሻ ስቆብን አይጠግብም ነበር፤ ሰርግ ቤት ስንገባ "ትል አርቢዎቹ መጡ" ይሉናል። ይሳቁ ግድ የለም። አሁን የሚያስቅ ነገር የለም።

እኔ ሾፌሩ ነበርኩ። አየር በሚነፋበት በርሜል ሽሪምፑን ከነሕይወቱ ጭኜ ለቬትናሞችና ለቻይናዎች ምግብ ቤት አደርሳለሁ። የውስጡን ሥራ የምትሠራው ሐምራዊት ነበረች። ስለ እሷ ለመጻፍ የተነሣሁት ሰው ሁሉ ስሟን እያነሳ ስለሚያማት ነው። ያቺን ቅዳሜ እሷ ቦታ ላይ ያልቆመ ሁሉ ዛሬ አፉን ሞልቶ "እኔ ብሆን ኖሮ" ይላል። ነገር ካለፈ በኋላ ጀግና መሆን ለማንም አይከብድም።

ሐምራዊት ናዝሬት አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። እንደ ሁላችንም ሪከንባከር አካባቢ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገባች፤ ሳጥን ስትጭን፣ ሳጥን ስታወርድ ወገቧ አለቀ። ከዚያ ሥራ የወጣችው ጠልታው አይደለም፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ሲያቅታት ነው። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ዋይትሆል ውስጥ ባንድ ክፍል አፓርታማ ብቻዋን ትኖራለች። ሰው እንዳይከፋው ስትል የራሷን የምትውጥ ሴት ናት። ምግብ ቤት ቀዝቃዛ ምግብ ቢያቀርቡላት "አሙቁልኝ" ብላ አትመልስም፤ ዝም ብላ ትበላለች። ስንት ጊዜ በዚህ ጠባይዋ ተናድጄባታለሁ።

ጋሼ ጎሳዬ ሥራ የሰጧት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወገቧን ይዛ ስትራመድ አይተዋት ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በትራክ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው ባዶ ዌርሃውስ ተከራዩና ባሕር በሌለበት አገር ባሕር ሠሩ። ስምንት ትልልቅ ክብ ገንዳዎች ነበሩ፤ እኛ ግን "ኩሬ" ነበር የምንላቸው። ጨዉ በከረጢት ይገዛል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ማሽን ቀን ከሌት አየር ይነፋበታል። ውጭ በረዶ እየጣለ እውስጥ ሰው በካናቴራ ያልበዋል። ከጥፍር ጫፍ የማይበልጥ የሽሪምፕ ግልገል ከፍሎሪዳ በአውሮፕላን ይመጣል፤ በወራት ውስጥ ጣት ያክላል። ጋሼ ጎሳዬ እንግዳ ሲመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በኩሬዎቹ መሀል ያስጎበኛሉ፤ እንደዚያ ሲሄዱ ዕድሜያቸው በዐሥር ዓመት ይቀንስ ነበር።

የሚያስፈራው በሽታው ነው። ሽሪምፕን የሚይዝ ቫይረስ አለ፣ መድኃኒት የለውም። ሰውን አይነካም፣ በሽተኛውን የበላ ሰውም ምንም አይሆንም፤ ሽሪምፑን ግን ኩሬ ሙሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠርጎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሥራው ማዳን አይደለም፤ ቀድሞ ማየትና ሳይዛመት መቁረጥ ነው። ሐምራዊት የተቀጠረችው ለማየት ነበር።

ጠዋት ስትገባ ቦቲዋን መድኃኒት ያለበት ውሃ ውስጥ ትነክራለች። እያንዳንዱ ኩሬ የራሱ መረብ አለው፤ የአንዱ መረብ ሌላው ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ጋሼ ጎሳዬ ያብዳሉ። ከዚያ የምግቡን ሳሕን ከውሃው ስባ ታወጣለች፤ ምግብ ከተረፈ መጥፎ ምልክት ነው። ጥቂቶቹን ትጠልፍና አንድ በአንድ ወደ መብራት ታነሣቸዋለች። ጤነኛ ሽሪምፕ ብርጭቆ ነው፤ ከጀርባው አንጀቱ እንደ ጥቁር ክር ይታያል። ክሩ ከተቆራረጠ አልበላም ማለት ነው። ገላው ከቀላ፣ ዳር ላይ ተሰብስቦ ከፈዘዘ፣ የራሱ ቅርፊት ሲላጥ ከውስጥ በኩል ጨው የተበተነበት የሚመስል ነጫጭ ነጥብ ካለ፣ አለቀ። አንዳንዴ እግራቸውን በመቀስ ቆርጣ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ለላብራቶሪ ትልካለች። ለቸኮለ ደግሞ እዚያው የሚሠራ፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያወጣ ነገር አለ፤ አንድ መስመር ደኅና ነው፣ ሁለት መስመር በሽታ ነው። እሷ ከገባች ጀምሮ የሚወጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ባየችው ቁጥር ተመስገን ትላለች።

ኩሬዎቹ በሁለት ወገን ነበሩ፤ አራቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ፣ እያንዳንዱ ወገን አንድ የውሃ ማጣሪያ ይጋራል። ባንዱ ኩሬ በሽታ ከታየ የዚያ ወገን አራቱም በዚያው ዕለት በክሎሪን መገደል አለባቸው። የቀሩት አራቱ የሚተርፉት እንዲያ ከተደረገ ብቻ ነው። ነገር ግን ያለ ጋሼ ጎሳዬ ቃል ክሎሪን የሚነካ የለም። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ በስሕተት ደፍቶ ደኅና ኩሬ ፈጅቶባቸው ስለነበር ያወጡት ሕግ ነው። ለሐምራዊት "ቅዳሴ ላይም ብሆን ደውዪልኝ" ብለዋታል። ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል?

ባለፈው የካቲት በአንዱ ዓርብ ከሻሸመኔ ስልክ መጣ። የጋሼ ጎሳዬ ታላቅ እኅት፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓቸው እትዬ ዘርፌ ዐርፈዋል። የተደወለው ለሳቸው ሳይሆን ለሚስታቸው ወንድም ለጋሽ ፍሥሐ ነው። ጋሽ ፍሥሐ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ኮሎምበስ የሚገባ መርዶ ሁሉ በሳቸው እጅ ያልፋል። አሠራሩን ያውቁበታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰብና ንጋት ላይ በሩ ይንኳኳል። ይሄ ወጋችን ነው፣ ክፋት የለበትም። እኔም አባቴ ሲሞት የተረዳሁት እንዲሁ ነው፤ ያን ጠዋት በሬ ላይ የቆሙትን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ለእሁድ ንጋት ተቆረጠ። እኔ በሥራው መኪና ክሊቭላንድ ሄጄ ዘመዶቻቸውን እንዳመጣ ታዘዝኩ። ጋሽ ፍሥሐ ደግሞ ቅዳሜን ሙሉ ጋሼ ጎሳዬን ይዘው ለመዋል ወሰኑ፤ "መኪና ልገዛ ነው፣ አንተ ታውቃለህ፣ እይልኝ" ብለው ግሮቭ ሲቲ ወሰዷቸውና የማይገዙትን መኪና ሁሉ ሲያስነሡና ሲያጠፉ ዋሉ። እዚሁ የተወለደችው የጋሼ ጎሳዬ ልጅ የአብሥራ ነገሩን ስትሰማ፣ የራሱ እኅት ሞታ ለምን እንዋሸዋለን ብላ አጎቷን ጠየቀች። አጎቷ ተቆጥተው ዝም አሰኟት። አሜሪካ ያበላሻት ልጅ ናት ተባለ።

ሐምራዊት ስለ መርዶው ዓርብ ዕለት ሰምታለች። እሁድ እሷም ከሚሄዱት መካከል ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት እርባታው ገብታ ከግራው ወገን የሦስተኛውን ኩሬ ሳሕን ስትስብ፣ ምግቡ እንዳለ አለ። መረብ አገባች። ያወጣቻቸው ሽሪምፖች አልተወራጩም። የአንዱን ቅርፊት ላጠችና ወደ መብራት አነሣችው። ከዚያ መመርመሪያውን አመጣች፤ የመጀመሪያው ከእጇ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ ሁለት መስመር ወጣ።

በመጀመሪያ ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ይሄ ይጻፍላት። የሦስተኛውን ኩሬ ውሃ ዘጋች። ገዢ እንዳይገባ በሩን ቆለፈች። አብሯት የሚሠራው ጁነዲን ከቀኙ ወገን እንዳይወጣ፣ ወደ ግራው እግሩን እንዳያነሣ ነገረችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የጋሼ ጎሳዬን ቁጥር ነካች፤ መጥራት ሳይጀምር ዘጋችው። ሰውዬው ስኳርም ደም ብዛትም አለባቸው። ነገ ንጋት ላይ የሚጠብቃቸውን ታውቃለች፤ እሳቸው አያውቁም። ስለዚህ ለጋሽ ፍሥሐ ደወለች። ሁሉን ነገር ያበላሸው ያ ስልክ ነው።

ጋሽ ፍሥሐ መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ራቅ ብለው እያንሾካሾኩ አነጋገሯት። አራቱ ኩሬ ዛሬውኑ ካልተገደለ ሌላው አራት እንደማይተርፍ ነገረቻቸው። አላዳመጧትም አልልም፤ አዳምጠዋታል።

"እኔ ልለምንሽ" አሏት። "ሁለት መርዶ ባንድ ሰው ላይ አይጫንም። ነገ እናረዳዋለን፣ አልቅሶ ይውጣለት፣ ከዚያ የኩሬውን ነገር ቀስ ብለን እንነግረዋለን። እዚህ ፓርኪንግ ሎት ላይ ወድቆብኝ ናይን ዋን ዋን ኮል ላድርግ?"

"ጋሽ ፍሥሐ፣ እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም እኮ።"

"የሰው ሕይወት ይቀድማል የኔ ልጅ።"

ሐምራዊት ስልኩን ዘጋችው።

ጁነዲን ወይ ደውይላቸው፣ ካልሆነም ክሎሪኑን እንጨምርና ኋላ እንወቀስ አላት። እሷም አስባው ነበር። ግን የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የንብረቱን ግማሽ ገድላ፣ ነገ በለቅሶው መሀል በምን አፏ ትነግረዋለች? መመርመሪያውስ ተሳስቶ ቢሆን? ብልቃጡን ለላብራቶሪ ልካለች፣ መልሱ የሚመጣው ግን ሳምንቱ ሲገባ ነው። ስልኩን ከጁነዲን እጅ ቀምታ እንዳይደውል ለመነችው። ጁነዲን እሷን አልፎ መደወሉ ድፍረት መሰለውና ተወው። ኋላ ራሱ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጎሳዬ ራሳቸው ደወሉ። ይህን ሐምራዊት ራሷ ናት ያወራችኝ። ስልኩን ያነሣችው ሦስተኛው ኩሬ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ከሥሯ ሽሪምፖቹ ቀልተው ዳር ዳሩን ተደርድረዋል።

"ፍሥሐ ዛሬ ቀልቤን ነሣኝ፣ መምጣት አልቻልኩም" አሏት። "ኩሬዎቹ እንዴት ናቸው?"

"ሰላም ናቸው ጋሼ።"

"እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ካለሽ እኔ ተኝቼ አድራለሁ።"

እሁድ ንጋት ላይ እኔም በሩ ላይ ከቆሙት መሀል ነበርኩ። ስለ ኩሬው የማውቀው ነገር የለም፤ ክሊቭላንድ ደርሼ መመለሴ ነው። ጋሼ ጎሳዬ በፒጃማ ሆነው ከፈቱና በረዶው ላይ የቆመውን ጥቁር ለባሽ አዩ። ማንም ሳይናገር ገባቸው። "የማን ነው?" አሉ። ጋሽ ፍሥሐ የእትዬ ዘርፌን ስም ሲጠሩላቸው እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንሥተን አስገባናቸው። እትዬ ዘርፌ ልብስ እየሰፉ ነው ያስተማሯቸው። ሰውዬው እንደዚያ ሲያለቅሱ ሳይ የመርዶውን ወግ መልሼ አመሰገንኩት፤ ብቻቸውን ቢሰሙት ኖሮ አይተርፉም ነበር አልኩ።

ጋራዡ ጸድቶ ወንበር ተደረደረ፤ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። ሐምራዊት ዘግይታ መጣች። መጀመሪያ እርባታው ጋ ደርሳ ነበር፤ ሦስተኛው ኩሬ ወለሉ በሬሳ ተሸፍኗል፤ ሁለተኛውና አራተኛው መብላት አቁመዋል፤ የቀኙ ወገን ግን ገና ይበላ ነበር። ልብሷን ለውጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ጋሼ ጎሳዬ አጠገብ ሄዳ በርከክ አለችና አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙት። "ሐምራዊት፣ ዘርፌ ጥላኝ ሄደች" አሏት። ሐምራዊት እትዬ ዘርፌን አይታቸው አታውቅም፤ ግን ከቤተ ዘመዱ ሁሉ ይበልጥ አለቀሰች። ሴቶቹ አንጀቷ እንዴት ይራራል ተባባሉ። ምን እንደምታለቅስ የሚያውቁት ጋሽ ፍሥሐ ብቻ ነበሩ።

ወጥ የሚወጣበት ማእድ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው። ተረድተዋል፣ አልቅሰዋል፣ አሁን ይነገራቸው፣ የቀኙ አራት ገና አልተያዘም አለቻቸው። ጋሽ ፍሥሐ ሠልስት ይውጣ አሉ። ለቅሶ ላይ ስለ ንግድ ማውራት ነውር ነው፤ ሰውስ ምን ይለናል፣ እኅቱ ሞታ ስለ ሽሪምፕ አወሩለት አይለንም ወይ? እንግዲህ ይሄን ልብ በሉት። ቅዳሜ የተፈራው የሰውዬው ጤና ነበር፤ እሁድ የተፈራው የሰው ወሬ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ይቅር ልል እችላለሁ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ጋሽ ፍሥሐ ተጨማሪ ወንበርና ድስት የሚያጓጉዝ ሰው ጠፋ ብለው ጁነዲንን ከእርባታው ጠሩት። ለቅሶ ነው፣ እንቢ አይባልም። ሐምራዊት ብቻዋን ቀረች። በግራው ወገን የሞተውን ታወጣለች፤ በቀኙ ደግሞ የሚበላ ሕይወት አለ፣ አየር ማሽኑ መታየት አለበት። በሁለቱ መሀል በተመላለሰች ቁጥር ቦቲዋን ነከረች፣ ክንዷን እስኪላጥ ድረስ በሳሙና ፈተገች፣ ልብስ ለወጠች። ግን በሚነፋው አየር የሚፈላው ውሃ ይረጫል፣ ፍንጣቂው ፀጉር ላይ ያርፋል፣ ሰው ሲደክም ይሳሳታል። በየት በኩል እንደተሻገረ እሷም አታውቅም። ማታ ላይ የአምስተኛው ኩሬ ሳሕን ላይ ምግብ ተርፎ አገኘች። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አልተነሣችም።

ማክሰኞ ሠልስት ወጣ። ሕዝቡ በልቶ ሲበተን ጋሼ ጎሳዬ ከወንበራቸው ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። ፎጣ ስታቀብላቸው ሐምራዊትን ትክ ብለው አዩዋትና፣ አንቺ ደግሞ በኔ ኀዘን እንዲህ ተጎዳሽ አሏት። ያን ጊዜ ነገረቻቸው። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እየጠበቅኩ ነበር፤ በር ከፍተው ሲገቡ ፊታቸውን አይቼ ሌላ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። እስክንደርስ ድረስ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ሁሉን አወራችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምንም አልደበቀች፣ ጋሽ ፍሥሐ ላይም አላላከከች። እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንገባ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለን። ጋሼ ጎሳዬ የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቦቲ አጠለቁና መድኃኒቱ ውስጥ ነከሩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ልማድ ይሆናል። ወደ ግራው አላዩም። በቀኙ በኩል አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን አለፉ። ስምንተኛው ላይ ሽሪምፖቹ ዳር ዳሩን ተደርድረው ነበር። እጃቸውን ከተው አንዱን አወጡት። አልተወራጨም። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ላጡና ወደ መብራቱ አነሡት፤ ሐምራዊትን ይህን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እያገላበጡ አዩት።

"ቅዳሜ ደውዬልሽ ነበር" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ሽሪምፑን መልሰው ውሃው ውስጥ ጣሉትና "ጨምሩበት" አሉ። ክሎሪኑን ሦስታችን አመጣነው። ስምንቱም ላይ ጨመርን። ገና ጉልበት የነበራቸው ከውሃው እየዘለሉ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ዓይናችን በክሎሪኑ ተቃጥሎ ያለቅሳል፤ ማን በእውነት እንደሚያለቅስ አይታወቅም ነበር። ጋሼ ጎሳዬ የአየር ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጠፏቸው። ያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ያ ድምፅ ተቋርጦ አያውቅም።

የላብራቶሪው መልስ ኋላ መጣ፤ የምናውቀውን ነገረን። ከስቴቱ መንግሥት የመጡ ሰዎች አዩ፣ ጠየቁ፣ ሁሉም እንዲጸዳና እንዲደርቅ አዘዙ። አራቱ ተርፈው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ተነሥተው እንደገና ይጀምሩ ነበር፤ ይህን ጋሼ ጎሳዬም ያውቃሉ፣ ሐምራዊትም ታውቃለች። ከዜሮ ለመጀመር ግን የሚያስጀምር አቅምም ዕድሜም አልነበራቸውም። ገንዳዎቹን አንድ የኢንዲያና ገበሬ ገዝቶ ወሰዳቸው። ጋሼ ጎሳዬ ዛሬ ቤታቸው ይውላሉ። ትራክ እንዳይነዱ ስኳሩ ዓይናቸውን ይዞታል። ጋሽ ፍሥሐ ስለዚያ ነገር ሲነሣ "እግዜር ያመጣው ነው" ይላሉ፤ አሁንም የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ አሁንም መርዶ ያረዳሉ። ሰው የሚያማው ሐምራዊትን ነው፤ ሠራተኛ ናትና። እሷ ወገቧን በቀበቶ አስራ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ሳጥን ላይ ተመልሳለች። በሺፍቷ መሀል ዕረፍት ሲሰጣት ከሰው ጋር አትቀመጥም አሉ። ደውዬ እጠይቃታለሁ፤ ደኅና ነኝ ትላለች፤ አላምናትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱን ለአከራዩ ያስረከብን ዕለት ጋሼ ጎሳዬ፣ ሐምራዊትና እኔ ነበርን። ወለሉ ደርቆ ነጭ የጨው ቅርፊት ይዟል። ሐምራዊት ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ጋሼ ጎሳዬ እንዲሰድቧት ስትጠብቅ ነበር፤ ሰድበዋት ቢሆን ይቀላት ነበር። አልሰደቧትም። የእርባታውን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው አቃኗት።

"ላንቱ ብዬ ነው ጋሼ" አለቻቸው። "ይጎዳሉ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ። ለኔ እንዳሰባችሁ አውቃለሁ" አሉ። ድምፃቸው ምንም ቁጣ የለበትም። "ዘርፌ ዓርብ ሞታለች። ቅዳሜ ብትነግሩኝ፣ እሁድ ብትነግሩኝ፣ ጭራሽ ባትነግሩኝም ሞታለች። መርዶ የሚቆየው ሟች ስለማይነሣ ነው፤ አያስቸኩልም። የቀኙ ኩሬዎች ግን ቅዳሜ ዕለት በሕይወት ነበሩ ሐምራዊት። አራቱ በሕይወት ነበሩ።"

ሐምራዊት ቁልፉን ዘረጋችላቸው። ተቀብለው በር ላይ ለሚጠብቀው ለአከራዩ ሰው ሰጡትና ወጡ።